በቀቀኑ «በሞቴ» ያለ ዕለት

የአገሩን ስም አልናገርም። ብናገርም ማንም አያገኘው፤ ዓመቱን ሙሉ ጉም ስለሚለብስ ካርታ ሠሪዎች ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስቴም ሳያዩን አልፈዋል። ከተማችን ተራራ አናት ላይ ናት። ብርዷ ክፉ ነው። ሰው ከሰው ሲገናኝ እጁን ከጋቢው ማውጣት ስለሚከብደው በክርኑ ነካ አድርጎ ያልፋል።

እንዲህ ባለች ከተማ መካከል ሹማምንቱ የመስታወት ቤት ሠሩ። ለምን እንደሠሩት ብዙ ተወርቷል፤ እውነቱ ግን መስታወቱ ለሌላ ሥራ ታዝዞ ሲመጣ ሥራው ተረስቶ ስለቆየ ነው። ከወለሉ ሥር እሳት ይነድዳል። ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ዘንባባና ስሙን የማናውቀው ጣሪያ ድረስ የሚንጠላጠል ሐረግ ተተከለበት። ቀጥሎ እንስሳት መጡ፤ አንዲት ጦጣ፣ ሁለት ኤሊዎች፣ አንድ እስስት፣ ክንድ የማታክል አዞ። ስሙ «የቆላ ቤት» ተባለ። እሑድ እሑድ የከተማው ሰው «እንስሳቱን ልይ» እያለ ይገባል። ማንም እንስሳቱን አያይም፤ ሁሉም የሚገባው ሊሞቅ ነው።

ከሁሉ በኋላ የመጣው በቀቀኑ ነው። አረንጓዴ፣ ሽማግሌ፣ ኩሩ ወፍ ነበር። እንደመጣ እህል አልቀምስም አለ። ጠባቂው ጋሽ ደምለው ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰው ናቸው፤ ወፉ ሊሞትባቸው ነው ብለው ሃያ ቀን ሙሉ ፊቱ ተንበርክከው ለመኑት። «ብላ! ኧረ ብላ! በሞቴ! አንዲት ጉርሻ፣ በሞቴ!» ይሉታል፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ። «ብላ» ሲባል ውሎ «ብላ» ሲባል ስለሚያመሽ ስሙ «ብላታ» ሆኖ ቀረ። ማንም ሳይሾመው ማዕረግ ያገኘ እሱ የመጀመሪያው አይደለምና ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠረው የለም።

እዚህ ላይ ስለ በሞቴ ማስረዳት አለብኝ። በሌላ አገር በሞቴ የጉርሻ ማጣፈጫ ነው አሉ፤ ይሉትና ይረሱታል። እኛ ዘንድ ግን ሕግ ነው። በሞቴ የተባለ ሰው፣ ያለው ሰው በገዛ አፉ «በሰላም ግባ» ብሎ እስኪፈታው ድረስ ከተባለው ነገር ንቅንቅ አይልም። ጥሶ ቢሄድና ያ ሰው በዓመቱ ውስጥ ቢሞት ደሙ በእሱ ላይ ነው፤ ይቀብረዋል፣ ተዝካሩን ያወጣል፣ አርባ ቀን አመድ ላይ ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት በከተማችን ለጥምቀት ምሳ ተጠርቶ በፋሲካ ቤቱ የተመለሰ ሰው አለ። ሚስቱም የት ነበርክ አላለችውም፤ ታውቃለች።

ወይዘሮ ዘርትሁን የዚያን እሑድ ጠዋት ወደ ቆላ ቤት የሄዱት ጉልበታቸውን ሊያሞቁ ነው። እንዲያ ነው ያሉት። ሟች ባላቸው ጉም መሪ ነበሩ፤ ጉም ሲወርድ ቃጭል እያቃጨሉ ሰውን ወደየቤቱ የሚያደርሱ። እሳቸው ሲሞቱ ቃጭሉን አንዲቷ ልጃቸው ምንታምር ያዘችው። ያን ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ምንታምርን ለመጠየቅ ሽማግሌ ይመጣል። ጠያቂው ልሳኑ የሚባል ብርድ ልብስ ሠሪ ነው፤ ልጅቷም ትወደዋለች። በእኛ አገር ሽማግሌ መጥቶ የቤቱን ባለቤት ካጣ ለሰባት ዓመት አይመለስም። ስለዚህ ወይዘሮ ዘርትሁን ከዘጠኝ በፊት ቤታቸው መገኘት ነበረባቸው።

«አንድ ሰዓት ሞቄ እመጣለሁ» ብለው ወጡ። ቤቱን ጠርጋ፣ መደቡን አንጥፋ፣ እየዘፈነች ወዲያ ወዲህ የምትለውን ልጃቸውን ማየት እንዳቃታቸው ግን ለማንም አልተናገሩም። ለእኔ የነገሩኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

እኔም ያን ዕለት እዚያ ነበርኩ። አርባ አንድ ሰው ነበርን። ጋቢውን ያወለቀ፣ ካፖርቱን ዘንባባው ላይ የሰቀለ፣ ጫማውን አውልቆ እግሩን ለኤሊዎቹ የሚያሳይ ሁሉ ነበር። አምስት ሰዓት ግድም ወይዘሮ ዘርትሁን ነጠላቸውን አጣፍተው ከአግዳሚው ተነሡ።

«በሞቴ!» አለ አንድ ድምፅ።

ዞር አሉ። ብላታ ቆጡ ላይ ቆሞ፣ በሃያ አንደኛው ቀን የመጀመሪያውን ሙዝ በእግሩ ይዞ፣ በአንድ ዓይኑ ያያቸዋል።

«በሞቴ!» አለ ደግሞ፣ ልክ በጋሽ ደምለው ድምፅ፣ ልብ በሚበላ ልመና። ቀጥሎም የጋሽ ደምለውን ሳል እንደ ሰው ሳለ። እህህ፣ እህህ፣ እህህ።

ጋሽ ደምለው «በላ! በላልኝ!» ብለው አለቀሱ። የቀረነው አርባ ሰዎች ግን ሳሉን ነው የሰማነው። የሚስል ሽማግሌ በሞቴ ብሏል፤ ዓመት አይደርስም። ወይዘሮ ዘርትሁን ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሊወጣ በሩን የያዘ አንድ ሰውዬ እጁን ከመዝጊያው ላይ አነሣ።

የስንብት ሹሙ ተጠሩ። ስንብት በእኛ አገር ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ነው። ሹሙ አቶ መንበሩ ጠንቃቃ ሰው ስለነበሩ ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ሁለት እግሩን ያስገባ እንግዳ ነው ይላል ደንቡ። አንድ እግራቸውን በውጭ አንዱን በውስጥ አድርገው፣ ግማሽ ፊታቸው በብርድ ጠቁሮ ግማሹ እያላበው፣ ጉዳዩን መርምሩ አሉ፤ መርማሪውም ራሳቸው ስለሆኑ ወዲያው መመርመር ጀመሩ።

«መጀመሪያ ነገር» አሉ፣ «ወፉ ምን ብሎ ነው በሞቴ ያለው? ብሉ ነው? ጠጡ ነው?»

«በሞቴ ብቻ ነው ያለው» አልን።

«ምንነቱ ያልተገለጸ በሞቴ፣ ቆዩ እንደተባለ ይቆጠራል።»

«ጌታዬ፣ ወፍ እኮ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን።

«እሱን እናጣራለን። ጋሽ ደምለው፣ ይህ ወፍ ቀለቡን ከየት ያገኛል?»

«ከከተማው ግምጃ ቤት ነው ጌታዬ።»

«ማዕረግ አለው?»

«ብላታ ነው የሚባል።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

ጋሽ ደምለው አሰቡ። «ሥራ እንኳ የለውም።»

አቶ መንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከመንግሥት ይበላል፣ ማዕረግ አለው፣ ሥራ የለውም። እንግዲህ ሹም ነው። የሹም በሞቴ ደግሞ ከተራ ሰው በሞቴ ይጠነክራል። ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። ማን ይከራከራል? ነገሩ ሁሉ ትክክል ነበር።

መፍትሔው አንድ ብቻ ነው ተባለ፤ ብላታ ራሱ በአፉ ይፍታን። ከመካከላችን አንድ የሰዋስው መምህር ተነሥቶ በሁለት ረድፍ አሰለፈን። «በሰላም — ግቡ! አንድ ላይ! በሰላም — ግቡ!» አርባ አንዳችንም ጮኽን። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ብላታ ጀርባውን ሰጠን። ደገምን፤ ጦጣዋ ማጨብጨብ ለመደች። አቶ መንበሩ ከደጃፉ ሆነው ስለ መፍታት የወጣውን ደንብ ከነአንቀጹ አነበቡለት፤ ራሱን ክንፉ ሥር ቀብሮ ተኛ።

«አትድከሙ» አሉ ጋሽ ደምለው። «ይህ ወፍ ትምህርት አይገባውም። የሚይዘው ከአንጀት የወጣ ነገር ብቻ ነው። እኔ ላስተምረው ብዬ አይደለም እኮ በሞቴ ያልኩት፤ ጨንቆኝ ነው።»

ከአንጀታችሁ ጩኹ ተባልን። ከአንጀታችን ጮኽን። አንጀታችን ግን ባዶ ነበር፤ ሰባት ሰዓት አልፏል። የእንስሳቱን ምሳ ተካፈልን። ሙዙ አለቀ፣ ፓፓያው አለቀ፣ የኤሊዎቹን ጎመን ሦስት ሰዎች ተጣሉበት። ላቡ ሲበረታ ሰው ሁሉ ልብሱን እየቀነሰ ሄደ፤ ባለጠጋውና ድሃው አልለይ አሉ። አንዱ ነጋዴ ያለ ካፖርቱ ማንም ስላላወቀው እየዞረ ስሙን ይናገር ነበር።

ወይዘሮ ዘርትሁን ብቻቸውን ሙዙ ሥር ተቀምጠዋል። ሁላችንም አዘንንላቸው፤ የልጃቸውን ነገር ነግረውናል። «ወይኔ ልጄ፣ ወይኔ ልጄ» እያሉ ደረታቸውን ይመቱ ነበር። በኋላ ግን እንዲህ ብለውኛል፤ «ላንተ ምን ልዋሽህ፣ ወፉ በሞቴ ሲል ደስ አለኝ። ጣሪያው ይፈስሳል፣ ክረምቱ ይለፍ ልላቸው አስቤ ነበር። ወፉ ከውሸት ገላገለኝ።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከጉሙ ውስጥ ቃጭል ተሰማ። ምንታምር ናት። የአየር ማስገቢያዋን ትንሽ መስኮት ከውጭ ከፍታ አፏን አስጠጋች።

«እማዬ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሊመጡ እኮ ነው!»

«በሞቴ ተብዬ ነው ልጄ።»

«ማን አለሽ?»

«ብላታ።»

«የቱ ብላታ?»

«ያው… አረንጓዴው።»

ልጅቷ ብላታን አየችው። እናቷን አየች።

«ስንት ሰዓት ሆነሽ?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሆነኝ ነው። አይ ልጄ፣ መታሰር ክፉ ነው! እግር እያለ አለመሄድ! ያውም እኮ እየለመነ ነው የሚያስርሽ፤ ልትቆጪው እንኳ አይመችም!»

«እኔ ሦስት ዓመት ሆነኝ» አለች ምንታምር።

ወይዘሮ ዘርትሁን የነጠላቸውን ጫፍ ማጣጠፍ ጀመሩ።

«አባዬ የሞተ ጊዜ በሞቴ ዘንድሮን ቆዪልኝ አልሽኝ። ቆየሁ። በዓመቱ በሞቴ ጉልበቴን አሞኛል አልሽኝ። ቆየሁ። አምና ደግሞ በሞቴ ላሟ ትውለድ። ላሟ ወለደች፣ ጥጃዋ ራሷ ልትወልድ ነው። ዘንድሮ ሽማግሌው ይምጣ አልሽ እንጂ ፈትቼሻለሁ አላልሽኝም። ዛሬም ብትፈቅጂላቸው፣ ካልፈታሽኝ የትም አልሄድ።» ቀጥላም «ለእኔ ሙዝ እንኳ የሰጠኝ የለም» ብላ መስኮቷን ዘጋች።

ቃጭሉ እየራቀ ሄደ። እኛ አርባዎቹ ሁላችንም እስስቱን እናይ ነበር፤ ሁላችንም ባንድ ጊዜ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ አፈ ጉባኤያቸው አቶ እሸቴ ይባላሉ፣ ዓይናቸው ደከም ብሏል። ጉሙ በእጅ የሚጨበጥ ያህል ወፍሮ ስለነበር ያለ ጉም መሪ ቤቱን ማግኘት አይችሉም። ምንታምር ከመንገድ ተቀብላ ቃጭሏን እያቃጨለች ከፊት ከፊታቸው ሄደች። ወደ ቤቷ ግን አልወሰደቻቸውም። በእኛ አገር ቃጭሉ የቆመበት ደጃፍ ቤት ነው። ቃጭሉ የቆላ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ድርብ ድርብ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ በአቶ መንበሩ እግር ላይ ተራምደው ገቡ።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!» አሉ አቶ እሸቴ። «ሞቅ ያለ ቤት ነው። ቤተ ዘመዱም ብዙ ነው፣ ይባርከው።» ጦጣዋን ደግሞ «እንደምን አለሽ ልጄ» አሏት።

ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ጋቢውንም አያወልቅም። የአቶ እሸቴ ንግግር ከሰባት ትውልድ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ መሆኑ በአገሩ የታወቀ ነው። ያን ቀን ግን ላቡ ከግንባራቸው እየወረደ ጢማቸውን አልፎ ዘንጋቸው ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር ስድስቱን ትውልድ ዘለሉት።

«እንግዲህ ወይዘሮ ዘርትሁን፣ የመጣንበትን ታውቂዋለሽ። ልሳኑ ጨዋ ልጅ ነው። ልጅሽን ስጪን። አደራሽን ቶሎ በዪ።»

«በሞቴ!» አለ ብላታ።

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። «ማን ነው?»

«ብላታ ናቸው» አለ አንዱ ከኋላ።

«እንግዲያው እኛም አንሄድም» አሉ አቶ እሸቴ፣ ድምፃቸው ሙሽሽ ብሎ። አርባ አራት ሆንን።

ወይዘሮ ዘርትሁን ጣሪያው እንደሚፈስስ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያው ቅጽበት ግን ከውጭ በኩል አንድ ነገር መስታወቱን ሲፈትገው ተሰማ። ምንታምር ናት፤ ወደ ውስጥ ለማየት ፈልጋ በእጅጌዋ መስታወቱን ትጠርጋለች። ትጠርጋለች፣ አይጠራላትም። ደግማ ትጠርጋለች። እንፋሎቱ ያለው በውስጥ በኩል ነበር፤ እሷ ምንም ብትፈትግ አይለቅላትም።

እናትየው ትንሽ አዩዋት። ከዚያ ተነሥተው ሄዱና በነጠላቸው ጫፍ ከውስጥ ጠረጉላት። የልጅቷ ፊት ብቅ አለ። ካፊያው አበስብሷታል፤ አፍንጫዋ ቀልቷል፤ የአባቷን ቃጭል ደረቷ ላይ ጭምቅ አድርጋ ይዛዋለች።

«አባትሽን መሰልሽ» አሉ። ልጅቷ አልሰማችም፤ ከንፈራቸውን ነው ያየችው። መስኮቷን ከፈቱላት።

«ምንታምር» አሉ። «ብቻዬን መቅረቱን ፈርቼ ነው። ጉልበቴን አላመመኝም፤ ብዙም አላመመኝም። ላሟም ያለ አንቺ ትወልድ ነበር። ፈርቼ ነው ልጄ።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ መሬት የወደቀ ሳህን የሚያነሡ ይመስል ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ተናገሩት። «ፈትቼሻለሁ። በሰላም ግቢ።»

እኔ እንኳ ለማልቀስ የማልቸኩል ሰው ዓይኔን አሸሁ። ላብ ነው አልኩ።

ያን ጊዜ ብላታ አንገቱን አዘመመ። ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ። በወይዘሮ ዘርትሁን ድምፅ፣ ከነስብራቱ፣

«በሰላም ግቢ» አለ።

ጩኸታችን መስታወቱን አለመስበሩ ይገርመኛል። ሰው ከሰው ተቃቀፈ፤ ነጋዴው ካፖርቱን ለበሰና ታወቀ። ወደ በሩ ስንጋፋ አቶ መንበሩ በውስጥ ያለውን እጃቸውን አነሡ።

«ቀስ! ወፉ ያለው ግቢ ነው። ግቡ አላለም፤ ግባም አላለም። ግቢ የአንዲት ሴት ነው። መምህር፣ ተሳሳትኩ?»

የሰዋስው መምህሩ መዋሸት አልቻለም። «አልተሳሳቱም» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ስለዚህ ሴት የሆነች ትወጣለች፤ እሱም አንድ አንድ እያለች። ወንዶች ባላችሁበት።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሃያ ስድስት ወንዶች ቀረን። ወይዘሮ ዘርትሁን ግን ደጃፍ ደርሰው ተመለሱና ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በአየር መስኮቷ ወደ ውስጥ ሰደዱልን።

መጀመሪያ አቶ እሸቴ ተከናነቡት። ነጭ ጢማቸው እስከ ደረታቸው ወርዷል። አቶ መንበሩ ከላይ እስከ ታች አይተው «እለፊ እናቴ» አሏቸው። ነጠላው በመስኮቷ ተመልሶ ገባ። ቀጥሎ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ቀጥሎ ነጋዴው፣ ቀጥሎ አንድ ጡንቸኛ ድንጋይ ፈላጭ። ሁሉንም «እለፊ፣ እለፊ» እያሉ አሳለፉ። እኔም «ቶሎ በዪ እንጂ አንቺ» ተብዬ ነው የወጣሁት፤ አላፍርበትም፣ ሁላችንም እንዲያ ነው የወጣነው። የስንብት መሥሪያ ቤቱ በዓመቱ መጨረሻ ባወጣው ዘገባ ያን እሑድ ቆላ ቤት ውስጥ አንድም ወንድ እንዳልነበረ ተጽፏል።

መልሱን ወይዘሮ ዘርትሁን እዚያው ጉሙ ውስጥ ቆመው ሰጡ። አቶ እሸቴ የዘለሉትን ስድስት ትውልድ ብርዱ ላይ ሆነው ሊቀጥሉ ሲሉ ጓደኞቻቸው ክንዳቸውን ይዘው ወሰዷቸው። ሠርጉ ተሠርጎ ምንታምር ልሳኑ ቤት ገባች።

ብላታ አሁንም አለ፤ እየበላ ነው። በሞቴን ረስቶታል። በሩ በተከፈተ ቁጥር «በሰላም ግቢ» ይላል። ግማሹ ሰው «ግቢ ካለን እንግባ» ብሎ ይገባል፤ ግማሹ ተሰናበትን ብሎ ከደጃፍ ይመለሳል። አቶ መንበሩ ጉዳዩን እያጠኑት ነው፤ አንድ እግራቸው በውስጥ አንዱ በውጭ።

በሠርጉ በሁለተኛው ሳምንት ምንታምር እናቷን ልትጠይቅ መጣች። ምሳ በሉ፣ የሰው ስም እያነሡ ሳቁ። ጉሙ መውረድ ሲጀምር ልጅቷ ተነሥታ ጫማዋን ከበሩ ሥር አነሣች። ወይዘሮ ዘርትሁን ከንፈራቸውን ነከሱ። ምን ሊያመልጣቸው እንደነበረ እኛ እናውቃለን።

«በሰላም ግቢ» አሉ።

ምንታምር ጫማዋን እንደያዘች ቆመች። «እማዬ፣ ትንሽ ቆዪ እንኳ አትይኝም?»

«አልልሽም።»

«አንድ ጊዜ እንኳ?»

«አንድ ጊዜም አልልሽ። ትቼዋለሁ።»

ልጅቷ ጫማዋን መልሳ አስቀመጠችና ገብታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።